መጤ ተምች፣ አቀንጭራና ቅንጨ አረም፦ ሳይበረቱ መያዝ

ይህ ጽሑፍ ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ነው። የሚያተኩረው በሦስት ጠላቶች ላይ ነው፦ በቆሎን በሚያጠቃው የአሜሪካ መጤ ተምች፣ በማሽላ ሥር ላይ በሚጣበቀው አቀንጭራ፣ እንዲሁም የግጦሽ መሬትን፣ የመንገድ ዳርንና ማሳን በሚወርረው ቅንጨ አረም (ፓርቲኒየም)። አንዱ ትል ነው፤ ሁለቱ አረም ናቸው። አንድ ላይ ያቀረብናቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስቱም ዋናውን ሥራቸውን የሚጨርሱት ሰው ልብ ብሎ ሳያያቸው ነው። አርሶ አደሩ "መጣብኝ" ብሎ ወደ ልማት ሠራተኛው በሚሄድበት ቀን ተምቹ አድጎ እምብርት ውስጥ ተሸሽጓል፤ አቀንጭራው የማሽላውን ሥር ለሳምንታት ሲጠባ ቆይቷል፤ ቅንጨውም ዘሩን በትኗል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት አብዛኛው ከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ በዚህ ሥልጠና "ምን ልርጭ?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "መቼ ልይ? ምን ልፈልግ?" የሚለውን እንነጋገራለን። እርስዎ ሞዴል አርሶ አደር ነዎት፤ ጎረቤት የእርስዎን ማሳ ያያል። እርስዎ ያለ ጊዜው ከረጩ አሥር ሰው ያለ ጊዜው ይረጫል።

የአሜሪካ መጤ ተምች

በአገራችን ተምች አዲስ ስም አይደለም። አባቶቻችን የሚያውቁት ነባሩ ተምች በአንዳንድ ዓመት እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ ጤፉንም ሳሩንም እየጠራረገ በሰልፍ ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል፤ ከዚያም ለዓመታት ላይታይ ይችላል። መጤው ተምች ጠባዩ ሌላ ነው። መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። በአፍሪካ መኖሩ የተረጋገጠው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ በኩል በመስኖ በቆሎ ላይ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛውን የበቆሎ አካባቢ አዳረሰ። የእሳት እራቷ በነፋስ ታግዛ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ስለምትችል ይህ ሊያስገርመን አይገባም።

መጤው ተምች በሰልፍ አይሄድም፤ በየአገዳው እምብርት ገብቶ ይቀመጣል። መጥቶ የሚያልፍም አይደለም። በክረምት የተዘራው በቆሎ ሲያልቅ በበጋ በመስኖ የተዘራ በቆሎ ያገኛል፤ ከዚያ በበልግ የተዘራውን፤ ከዚያ እንደገና የክረምቱን። ስለዚህ "ዘንድሮን እንለፈው፣ ከርሞ አይኖርም" የሚለው የቀድሞው ተምች ስሌት ለዚህኛው አይሠራም። አብሮን የሚኖር ተባይ መሆኑን ተቀብለን ጉዳቱን ዝቅ አድርጎ መያዝን መልመድ አለብን።

ትሉን ለመለየት ሁለት ምልክት ይበቃል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው። በጭራው በኩል ደግሞ፣ ከመጨረሻው የሰውነት ክፍል ቀደም ብሎ፣ እንደ በርጩማ እግር በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። ሁለቱንም ካዩ መጤው ተምች ነው። አገዳ ቆርቁር ግን ይህ ምልክት የለውም፤ ቅጠሉን በልቶ ሳይጨርስ ወደ አገዳው ውስጥ ሰርስሮ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ፤ የትሉን ዕድሜ ማወቅ። እናቲቱ እንቁላሏን በአንድ ቦታ ከ100 እስከ 200 አድርጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ በላዩም የራሷን ጸጉር ስለምትነሰንስበት ሻጋታ ወይም ብናኝ ጥጥ ይመስላል። በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ እንቁላል መጣል ትችላለች። ሞቃት በሆነ አካባቢ እንቁላሉ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ከዚያ ትሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበላል። ሲጠግብ ወደ መሬት ወርዶ ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው አፈር ውስጥ ቡናማ ፍሬ የምትመስል ሙሽሬ ይሆናል፤ ከእርሷም አዲስ የእሳት እራት ትወጣለች። በቆላ ይህ ሁሉ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ብርድ በበዛበት ደጋ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

ከዚህ ውስጥ ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ትሉ በዕድሜው ሁሉ ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ትንሹ ትል የቅጠሉን አንድ ገጽ ብቻ ፍቆ ሌላውን ይተወዋል፤ ቅጠሉ ላይ ስስ ፌስታል የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ "ምንም አይደለም" ብሎ ያልፋል። ሰው የሚደነግጠው ቅጠሉ ተበጣጥሶ፣ እምብርቱ ላይ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ተከምሮ ሲያይ ነው። ያኔ ግን ትሉ ትልቅ ሆኗል፤ በገዛ ኩሱ በሩን ደፍኖ ከውስጥ ተቀምጧል፤ የተረጨው መድኃኒትም አይደርስበትም። መረጨት ካለበት መረጨት ያለበት ፌስታሉ በሚታይበት ሳምንት ነው።

ማሳዎን እንዴት ይፈትሻሉ

በቆሎው ከበቀለበት ጊዜ ጀምሮ የወንዴ አበባው እስኪወጣ ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ወደ ማታ፣ ማሳዎን ይዩ። ከዳር ቆሞ ማየት ፍተሻ አይደለም፤ የዳሩ አገዳ የመሐሉን አይወክልም። ከዳር አምስት ስድስት እርምጃ ገብተው እንደ መጋዝ ጥርስ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ማሳውን ያቋርጡ። በአምስት ቦታ ይቁሙ፤ በየቦታው ተከታታይ 10 አገዳ ይመርምሩ። ጠቅላላው 50 አገዳ ይሆናል። ከየአገዳው እምብርቱንና በቅርቡ የወጡትን ሦስት አራት ቅጠሎች ይዩ። የሚቆጥሩት አዲስ ጉዳት ያለበትን ብቻ ነው፦ ትኩስ ፌስታል፣ እርጥብ ኩስ ወይም ሕያው ትል። የድሮ ቀዳዳ ያለበት ግን እምብርቱ ንጹሕ የሆነ አገዳ ትሉ ለቅቆታል ወይም ሞቶበታል፤ አይቆጠርም። ብዙ የከንቱ ርጭት የሚመጣው ይህን የድሮ ቀዳዳ ከመቁጠር ነው።

በቆሎው ገና ለጋ ሆኖ እስከ ስድስት ቅጠል ባለው ጊዜ ከ50ው አገዳ 10ሩ ወይም ከዚያ በላይ ከተጠቁ (20 በመቶ) እርምጃ መውሰድ ይገባል። ከዚያ በላይ አድጎ የወንዴ አበባው ከመውጣቱ በፊት ባለው ጊዜ ግን አገዳው ጉዳትን የመቋቋም ኃይል ስላለው እስከ 20 አገዳ (40 በመቶ) እስኪደርስ መታገስ ይቻላል። አበባው ከወጣ በኋላ መርጨት አንመክርም። በዚያ ዕድሜ ትሉ በእሸቱ ልባስ ውስጥ ስለሚሆን መድኃኒቱ አያገኘውም፤ አገዳውም ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ የሚረጨው ሰው በገዛ ፊቱ ላይ ይረጫል።

"ቅጠሉ እንደዚህ ተበጣጥሶ እያየሁ እንዴት እታገሳለሁ?" የሚል ጥያቄ በየሥልጠናው ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቆሎ ግን ለዓይን ከሚታየው ይልቅ ጠንካራ ነው። ዝናብና ማዳበሪያ በበቂ ያገኘ በቆሎ ቅጠሉ ተበልቶም አዲስ ቅጠል አውጥቶ ጥሩ ፍሬ ይይዛል። የቅጠሉ ጉዳት ግማሽ ስለሆነ ምርቱም በግማሽ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ጥያቄው "ትል አለ ወይ?" ሳይሆን "ለመድኃኒቱ፣ ለጉልበቱና ለውሃው የማወጣው ገንዘብ ከሚተርፍልኝ በቆሎ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" የሚል ነው። መድኃኒቱ ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ፣ በቆሎው ባለፈው ገበያ በተሸጠበት ዋጋ እርስዎ ራስዎ ያስሉት።

ቁጥሩ ከተባለው በታች ከሆነ እጅዎ ይበቃል። በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተዘራ ሩብ ሄክታር ላይ 11 ሺህ ያህል አገዳ አለ፤ ለቤተሰብ የማይቻል ሥራ አይደለም፣ በተለይ በቆሎው ገና ጉልበት በሚያህልበት ጊዜ። የተከማቸውን እንቁላል ከነቅጠሉ መጨፍለቅ ማለት 100 ትል በአንድ ጭምቅ መግደል ነው። አንዳንድ አካባቢ አርሶ አደሩ ቅጠሉ ላይ ያለውን ትል ለቅሞ ይጨፈልቃል፤ አንዳንዱ ደቃቅ አሸዋ ወይም አመድ በእምብርቱ ውስጥ ይነሰንሳል። ለቅሞ መጨፍለቁ አስተማማኝ ነው። አመዱና አሸዋው ትንሹን ትል ይጎዳል፤ ትልቁን ግን እምብዛም ስለማያስቸግር በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። ከባድ ዝናብም ትንንሾቹን ትሎች እያጠበና እያሰመጠ ስለሚገድል ከዝናብ ማግስት ሳይፈትሹ አይርጩ።

ያልተቀጠሩ ሠራተኞች

በማሳዎ ውስጥ ደመወዝ ሳይጠይቁ የሚሠሩልዎ አሉ። ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ነጠብጣባማዋ ጥንዚዛና ወፎች እንቁላሉንና ትሉን ይበላሉ። ከሁሉ የሚበልጡት ግን ጥገኛ ተርቦች ናቸው። ከትንኝ ብዙም የማይበልጡ ናቸው፤ ሰው አይነድፉም። አንዳንዶቹ በተምቹ እንቁላል ውስጥ፣ ሌሎቹ በትንሹ ትል ሰውነት ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ልጃቸው ትሉን ከውስጥ በልታው ትወጣለች። በአገራችን በመጤው ተምች ላይ በተደረገ ጥናት ኮቴሲያ የሚባል ዝርያ በብዛት ተገኝቷል። በፍተሻ ጊዜ በደከመ ወይም በሞተ ትል አጠገብ ነጭ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካዩ ያ የተርቧ ማደጊያ ነው፤ እንዳይጨፈልቁት።

ያለ ጊዜው የሚረጭ መድኃኒት መጀመሪያ የሚጨርሰው እነዚህን ነው። ትሉ እምብርት ውስጥ ተሸሽጓል፤ ተርቧና ጉንዳኑ ግን ሜዳ ላይ ናቸው። ከዚያ የሚመጣው የተምች ትውልድ ጠላት የሌለበት ማሳ ያገኛል። "በረጨሁ ቁጥር ባሰብኝ" የሚሉ አርሶ አደሮችን ሰምተው ይሆናል፤ ሰዎቹ አልተሳሳቱም፣ የሚሆነው ይህ ነው።

መርጨት ግድ ሲሆን

መድኃኒቱ ለመጤ ተምች የተመዘገበ መሆኑን የልማት ሠራተኛውን ሳይጠይቁ አይግዙ። በየገበያው በብልቃጥ ተቀድቶ የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለው መድኃኒት በነጻ ቢሰጥዎ እንኳ አይቀበሉ። መጠኑን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይለኩ። እጥፍ ማድረግ ትሉን እጥፍ አይገድለውም፤ ሁለት ዓይነት መድኃኒት መደባለቅም እንዲሁ። የመርጫውን አፍንጫ ወደ እምብርቱ ያድርጉ፤ ጠዋት ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይርጩ፤ ትሉ ከተደበቀበት የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነውና። ዳግም መርጨት ካስፈለገ የተለየ የአገዳደል ባሕርይ ያለው መድኃኒት ይጠቀሙ። አንዱን ዓይነት ደጋግሞ መርጨት ትሉ እንዲላመደው ማድረግ ነው፤ ይህ ተባይ በሌላው ዓለም ብዙ መድኃኒቶችን መላመዱ የታወቀ ነው።

ንብ ያለው ጎረቤት ካለዎት ከመርጨትዎ በፊት በነበረው ቀን ይንገሩት፤ ቀፎውን ማታ ይዘጋ ወይም ያርቅ። ንቦች ለሥራ በሚወጡበት ሰዓት የሚረጭ ሰው የጎረቤቱን የዓመት ገቢ ነው የሚያጠፋው። በዚህ ምክንያት የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ሽማግሌ የተላከበትን ጊዜ አውቃለሁ፤ ዕርቁ ቢወርድም ንቡ አልተመለሰም።

ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ወደ ማሳው አይቅረቡ። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ውሃውን መልሰው መርጫው ውስጥ ይጨምሩ፤ ዕቃውን ብሰው ወረዳው ለዚሁ ባዘጋጀው ቦታ ያስረክቡ። ዕቃው የቱንም ያህል ያማረ ጄሪካን ቢሆን፣ ስንት ጊዜም ቢታጠብ፣ ለዘይት፣ ለጠላ ወይም ለውሃ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን አዘራርዎን ያስተካክሉ። መጤው ተምች ለዘገየ በቆሎ ጨካኝ ነው። ቀድሞ ከተዘራው ማሳ የወጡት የእሳት እራቶች ሁሉ ተጠራቅመው የሚያርፉት ለጋ በሆነው ላይ ነው። በኩታ ገጠም የሚያርሱ ከሆነ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሁላችሁም እንድትዘሩ ይስማሙ። በቆሎውን ከቦሎቄ ወይም ከአኩሪ አተር ጋር አሰባጥሮ መዝራት እናቲቱን ያደናግራታል፣ ለተርቦችና ለጉንዳኖችም መጠለያ ይሆናል።

ገፍቶ መሳብ (ፑሽ ፑል)

ይህን ዘዴ ለብቻው ማንሳት የፈለግነው ለተባዩም ለአቀንጭራውም ስለሚሆን ነው። ዘዴውን ያወጣው በናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል (ኢሲፔ) ከእንግሊዙ ሮዛምስቴድ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ሲሆን መጀመሪያ የታሰበው ለአገዳ ቆርቁር ነበር። በበቆሎው ወይም በማሽላው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ሐረግ መሰል የመኖ ተክል ይዘራል፤ በማሳው ዙሪያ ደግሞ ዝሆኔ ሳር ወይም ብራካሪያ ይተከላል። የዴስሞዲየሙ ሽታ እናቲቱን ከማሳው ይገፋታል፤ የዳሩ ሳር ሽታ ደግሞ ይስባታል። በሳሩ ላይ የሚፈለፈለው የአገዳ ቆርቁር ልጅ አብዛኛው አያድግም። በመጤው ተምች ላይም ዘዴው ጉዳቱን እንደሚቀንስ በምሥራቅ አፍሪካ ማሳዎች ታይቷል።

የአቀንጭራው ነገር ይበልጥ ይገርማል። የዴስሞዲየም ሥር ወደ አፈር የሚያመነጨው ቅመም የአቀንጭራውን ዘር ያበቅለዋል፤ ነገር ግን በበቆሎው ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ያግደዋል። የበቀለ አቀንጭራ የሚጠባው ሥር ካላገኘ በጥቂት ቀናት ይሞታል። አፈር ውስጥ ያለው የዘር ክምችት በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ተክሉ ከአየር ናይትሮጂን ይይዛል፣ አፈር ይሸፍናል፣ ለላም ጥሩ መኖ ነው።

ችግሩንም መደበቅ አይገባም። የዴስሞዲየም ዘር ደቃቅና ውድ ነው፤ እንደልብም አይገኝም። በመጀመሪያው ዓመት አበቃቀሉ ቀስ ስለሚል ሁለት ጊዜ በጥንቃቄ ካልታረመ በአረም ይዋጣል፤ ውጤቱ ጎልቶ የሚታየውም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ትልቁ እንቅፋት ግን ልቅ ግጦሽ ነው። ተክሉ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ስለሆነ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ የመንደሩ ከብት ከተለቀቀበት አንድ በጋ አያልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ቤትዎ አጠገብ በሚገኝ፣ ሊጠብቁት በሚችሉት ትንሽ ቦታ ላይ ይጀምሩ። ተክሉ ከያዘ በኋላ ሐረጉን እየቆረጡ በመትከል ማስፋት ይቻላል።

አቀንጭራ

በራያ ቆቦ፣ በዋግ፣ በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች ማሽላ የሚዘሩ አርሶ አደሮች ስለ አቀንጭራ ማንም እንዲነግራቸው አይፈልጉም። ሐምራዊ አበባው ያማረ ነው፤ በሥሩ ያለው ማሽላ ግን እርጥበት እያለ ውሃ እንደጠማው ጠውልጎ ይታያል። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ለሳምንታት ከመሬት በታች ይኖራል፤ ከጉዳቱም አብዛኛው የሚደርሰው በዚያ ጊዜ ነው። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ብቅ ያለውን መንቀል የዘንድሮውን ማሽላ ብዙም አያድነውም። የሚነቀለው ለከርሞ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትምባሆ ዘር የደቀቀ ዘር ይሰጣል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። አባት ያልነቀለውን ልጅ ይነቅለዋል ማለት ነው። አበባ ሳያወጣ ይነቀል፤ አበባ ካወጣ ግን ማሳው ዳር አይጣል፣ ተሰብስቦ ይቃጠል። ለከብትም አይሰጥ፤ ዘሩ በከብት ሆድ አልፎ በፍግ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳልና።

የአቀንጭራ ዘር ዝም ብሎ አይበቅልም። የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር የሚያመነጨውን ቅመም ሲያገኝ ብቻ ይነቃል። ለምነቱ ባለቀ አፈር ላይ የበቀለ፣ የተራበ ሥር ይህን ቅመም አብዝቶ ያመነጫል፤ ስለዚህ የተራበ ማሽላ አቀንጭራውን ራሱ ይጠራዋል። ፍግ፣ ኮምፖስትና ዩሪያ በአቀንጭራ ላይ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ሰሊጥ፣ ጥጥና አኩሪ አተር ያሉ ሰብሎች ደግሞ ዘሩን አንቅተው ሥር ይከለክሉታል። ማሽላን ከእነዚህ ጋር ማፈራረቅ በማሳው ያለውን ዘር ይቀንሳል፤ አንድ ዓመት ግን አይበቃም።

ቅመሙን እምብዛም የማያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችም አሉ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት አቀንጭራንና ድርቅን የሚቋቋሙ ማሽላዎችን በማውጣታቸው ነው። በአገራችን ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የሚባሉት ዝርያዎች ለዚህ ተለቀዋል። "አገዳቸው አጭር ነው፣ ለከብትም ለማገዶም አይበቃንም" የሚለው የአርሶ አደሮች ቅሬታ ትክክል ነው። እንግዲያው ማሳውን በሙሉ አይቀይሩ፤ አቀንጭራው በበረታበት ክፍል ላይ እነዚህን፣ በቀረው ላይ የራስዎን ነባር ማሽላ ይዝሩ።

ቅንጨ አረም

ነጫጭ አበባው የተከካ እህል ስለሚመስል ስሙን ከቅንጨ ወሰደ። ከብት አይወደውም፤ ችግሮት የበላች ላም ወተቷ ይመርራል። ማሩም እንዲሁ። በሰው ላይ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። ከበቀለ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ያብባል፤ እርጥበት ካገኘ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይበቅላል፤ አንድ ትልቅ ተክልም ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ዘሩ በጎርፍ፣ በመኪና ጎማ፣ በከብት ኮቴ፣ በአሸዋና በገለባ ጭነት፣ ባልተበጠረ የዘር እህል ይጓዛል።

ይህ አረም ደፋር የሚሆነው ባዶ መሬት ሲያገኝ ነው። ሣሩ ተግጦ አፈሩ በተራቆተበት ግጦሽ ላይ በአንድ ክረምት ይነግሣል፤ ሣሩ በደንብ በተሸፈነበት ግን መግቢያ ያጣል። ስለዚህ በወል ግጦሽ ላይ ዓመት እየጠበቁ መንቀል ብቻውን ማለቂያ የለውም፤ የተነቀለበትን ቦታ ለአንድ ክረምት ከከብት ከልሎ ሣር ማልበስ ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በቀበሌው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይግባ፤ ነቀላውም ለደቦ የሚመች ሥራ ነው። ቅጠሉን የምትበላ ዚጎግራማ የምትባል ጥንዚዛ ከሌላ አገር መጥታ በአገራችን ተለቃለች፤ ታግዛለች፣ ግን በእርሷ ተማምኖ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም።

ነቀላው ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲላላ፣ ተክሉ ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ገና አገዳ ሳያወጣ፣ ከነሥሩ ይሁን። ከላይ ብቻ የተቆረጠ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጓንት ከሌለዎት እጅዎን በፌስታል ይጠቅልሉ፤ የሚያሳክከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በነቀላው አይሳተፍ። ያላበበው ተክል ለኮምፖስት ይሆናል። ያበበው ግን በተነቀለበት ቀን በአንድ ቦታ ተከምሮ ሲደርቅ ይቃጠል፤ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ከርሞ ዘሩን በገዛ እጅዎ በጓሮዎ ይበትኑታል። ነቀላው ካለቀ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ እስከ ጥቅምት ድረስ ወደ ቦታው እየተመለሱ አዲስ የበቀለውን ይዩ፤ ከማሳዎ ውጪ ደግሞ በመንገዱ ዳር፣ በወፍጮ ቤቱ ዙሪያና የጭነት መኪና በሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጉ። በቀበሌዎ ቅንጨ ገና ያልገባ ከሆነ መጀመሪያ የሚያገኙት እዚያ ነው።